የሚዲ መቆጣጠሪያ ምርጫና የቅኝት ጥያቄ



በቤቱ ሙዚቃ ለማቀናበር የሚሻ ተማሪ በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ «የትኛውን የሚዲ ኪቦርድ ልግዛ?» የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የመሣሪያውን ባሕርይ መረዳት ያሻል።

ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነ የመግባቢያ ሥርዓት ነው። መቆጣጠሪያው ራሱ ድምፅ አያመነጭም፤ የትኛው ቁልፍ በምን ያህል ኃይል እንደ ተመታና መቼ እንደ ተለቀቀ ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል። ድምፁ የሚፈልቀው ከፕሮግራሙ ነው። ስለሆነም ኪቦርዱ ውድ መሆኑ ብቻውን የድምፁን ጥራት አይለውጥም። ለዜማና ለባስ 25 ቁልፍ ሊበቃ ይችላል፤ በሁለት እጅ ለሚጫወት 49 ወይም 61 ይመቻል፤ ፒያኖ ለሚያጠና ግን ክብደት ያላቸው 88 ቁልፎች ተገቢ ናቸው። ከኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ኃይል የሚያገኝ መቆጣጠሪያ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ከላፕቶፕ ጋር ሥራውን ይቀጥላል።

ዋናው ጉዳይ ግን ቅኝት ነው። ኪቦርዱ በተለመደው አሠራር ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍሎች ይከፍላል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን በእነዚህ ክፍሎች አይታጠርም፤ በመካከላቸው ያሉትን ድምፆችም ይነካል። የድምፅ ማጠፊያው ጎማ 16,384 ደረጃዎች ስላሉት ለዚህ ይረዳል፤ ሆኖም በአንድ ቻናል ያሉትን ድምፆች ሁሉ በአንድነት ያጥፋል። ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ቻናል የሚሰጡ፣ ኤምፒኢ የሚባለውን ሥርዓት የሚቀበሉ መቆጣጠሪያዎች ይህን ችግር ይፈታሉ። አቅም ካልፈቀደም ቅኝትን ማስተካከል የሚያስችል ፕሮግራም መምረጥ ይቻላል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ መጠነኛ ኪቦርድ ግዙ፤ ከተረፈው ገንዘብ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫና የድምፅ ካርድ አሟሉ፤ ፔዳሉ ሊቆይ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊትም ፕሮግራማችሁ ቅኝት መቀየር መቻሉን አረጋግጡ።

12ቱ እኩል ክፍሎች ፋብሪካው ያስቀመጣቸው መነሻ እንጂ የሚዲ ሕግ አይደሉም። መነሻውን ሳንጠይቅ ከተቀበልን፣ ትዝታንም ሆነ አንቺ ሆዬን የሚወስንልን የአዝማሪው ጆሮ መሆኑ ይቀርና የፋብሪካው ምርጫ ይሆናል። ውሳኔው በእጃችን እንዲቆይ ማድረግ የእኛ የመምህራንም የእናንተም ኃላፊነት ነው።