የቀን ገቢው ሒሳብና የልጆቻችን ደኅንነት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ መንገድ ደኅንነት የትራፊክ ፖሊስ ከእኔ የተሻለ ይናገራል። ሆኖም ከማኅበራችን ተበድረው ባጃጅ የሚገዙ አባላት እየበዙ ነው። የሚነዱት ደግሞ በአብዛኛው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆቻችንና ወንድሞቻችን ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የብድር መዝገባችንም ጉዳይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች በመግደል አንደኛው የመንገድ አደጋ ነው። ከሟቾቹም ከ10ሩ 9ኙ የሚሞቱት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ልጁ ለምን ይፈጥናል? “የወጣት ደም ትኩስ ነው” እንላለን። ከፊሉ እውነት ነው። የቀረውን ግን በወረቀት ላይ እናስላው። ባለንብረቷ በቀን 600 ብር ገቢ ትጠይቃለች፣ ነዳጁ 400 ብር ይፈጃል፣ አንድ ተሳፋሪ 20 ብር ይከፍላል እንበል። ልጁ ለራሱ አንድ ብር ከማግኘቱ በፊት 50 ሰው ማጓጓዝ አለበት። በሕጉ 3 ሰው ከጫነ 17 ምልልስ ነው። አራተኛ ሰው አጠገቡ ካስቀመጠ 13 ይበቃዋል። ትርፍ መጫን የሚጀምረው እዚህ ሒሳብ ላይ ነው። ገቢውን የወሰንነው ደግሞ እኛ ነን።

ይህን ስል ግን ልጆቻችንን ከኃላፊነት ነፃ ማውጣቴ አይደለም። እናንተ ወጣቶች፣ ይህን ደግሞ አብረን እናስላ። 3 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 60 ብትነዱ 3 ደቂቃ፣ በ40 ብትነዱ 4 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ያተረፋችሁት አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። በ60 ስትነዱ ግን በአንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ትሄዳላችሁ፣ በ40 ደግሞ 11 ሜትር። ሕፃን ልጅ ኳስ ተከትሎ ቢገባ፣ እግራችሁ ፍሬን ላይ እስኪደርስ ያለፋችሁት 6 ሜትር ትርፍ የልጁ ሕይወት ሊሆን ይችላል። በ40 እየነዳችሁ ስልካችሁን ለ3 ሴኮንድ ብታዩ፣ 33 ሜትር ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እንደነዳችሁ ቁጠሩት። ሌሊቱን ስትቅሙ አድራችሁ ወይም ጠጥታችሁ ጠዋት ቁልፍ ስትይዙ ደግሞ ማንም አላስገደዳችሁም። “እናቴ ገቢ ትፈልጋለች” የሚለው ምክንያት እዚህ አይሠራም።

ሕጉም ሁለታችንንም ይይዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ስለዚህ “ታናሽየው ሳይነግረኝ ወስዶት ነው” ማለት ብቻውን አያድነንም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ ሰክሮ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። አንዱ ቤት ሬሳ፣ ሌላው ቤት እሥረኛ ማለት ነው። ብድሩንም ያን ጊዜ ዋሶቹ ይከፍላሉ። ዋሶቹ ደግሞ እዚሁ የተቀመጡት እህቶቻችን ናቸው።

ስለዚህ ለጉባኤው አራት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለተሽከርካሪ ብድር ከመልቀቃችን በፊት የሚነዳው ሰው መንጃ ፈቃድ ይቅረብ፤ ኮፒውም ፋይላችን ውስጥ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነውና ለእድሳቱ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በቁጠባ ደብተር ለብቻው ይያዝ። ሦስተኛ፣ ገቢ በቀን መጠየቁ ቀርቶ በሳምንት ይሁን፤ ዝናብ ሲጥል፣ ነዳጅ ሲጠፋ ወይም ልጁ ሲታመም የጎደለው እንዲካካስ። አራተኛ፣ ባለንብረቷና አሽከርካሪው ከ3 ሰው በላይ ላለመጫን፣ እየነዱ ስልክ ላለመያዝ፣ ጠጥቶ ወይም ሳይተኙ አድሮ ላለመንዳት በአንድ ገጽ ይፈራረሙ።

አንዳንድ እህቶች “ይህ ሁሉ ቅድመ ሁኔታ ድሃዋን ከብድር ያርቃታል” እንደሚሉ አውቃለሁ። ስጋቱ ተገቢ ነው። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ገንዘብ ይጠይቃል። በዚህ በኩል ደጋፊዎቻችን እንዲያግዙን እጠይቃለሁ፤ ለአንድ ልጅ ማሠልጠኛ የሚከፈል ገንዘብ ለብድሩም ዋስትና ነው። ገቢው በሳምንት ሲሆን የወር ክፍያ ሊዘገይ ይችላል የሚለውን ደግሞ መመለሻ ጊዜውን ጥቂት ወራት በማራዘም ማስተካከል ይቻላል።

አበው “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይላሉ። እህል ቢፈስ ይለቀማል። መንገድ ላይ የፈሰሰው ግን አይለቀምም። የዘገየ ብድር በመዝገቤ ላይ ብዙ ጊዜ አስተካክያለሁ፤ የሞተ ሰው የማስተካክልበት ዓምድ የለኝም። ሐሳቡን ተወያዩበትና በድምፅ ወስኑ።