የአሮጌ መኪና ሞተር ሲግል
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በጋራዥ ሥራ የምንተዳደር አባላት ስለ ሞተር መጋል ጥቂት እንድንናገር ኮሚቴው ሲጠይቀን፣ «ይህ ለእድር ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም ብለን ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ የተነሣው ከቀብር ጉዞ ላይ መሆኑን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። አስከሬን ተከትለን በእርምጃ ስንጓዝ የአንድ ወንድማችን መኪና እንደ ጀበና ገነፈለችና ቆመች። እሱም ለቀስተኛውን እንዳያስተጓጉል ተጣድፎ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ከፈተው። ክንዱ እስከ ክርኑ ተላጠ። እጁን ታሽጎ ለቅሶ ሲደርስ አይታችሁታል።

መኪናይቱ ከአባቱ የወረሳት ኤም ጂ ቢ የምትባል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት። ይህ ዓይነት መኪና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በአቢንግደን ከተማ ሲሠራ ቆይቶ ከ500,000 በላይ ወጥቷል። ሞተሩ 1,798 ሲሲ ሲሆን ብሎኩም ቴስታታውም ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው። በእሱ መኪና ላይ ያለው ፋን በኮረንቲ የሚሠራ ሳይሆን ከውሃ ፓምፑ ጋር ተያይዞ በቺንጋ የሚዞር ነው። ሞተሩ ቀስ ካለ ፋኑም ቀስ ይላል ማለት ነው። ይህን ያዙልን።

በዚያ ግርግር ክዳኑ ተስፈንጥሮ ቦይ ውስጥ ገባና ጠፋ። ወንድማችን ሌላ ክዳን ገዛ፤ ገጠመለት። ከዚያ ወዲህ ግን መኪናይቱ በወጣች ቁጥር ትፈላ ጀመር። አንድ ጋራዥ ወሰዳት፤ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» አሉት። ቴስታታው ወረደ፣ ተላገ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ብዙ ገንዘብ ወጣ። መፍላቱ ግን እንደዚያው! በዚህ ጊዜ የአባቱን መኪና ሊሸጣት ደላላ አነጋግሮ ነበር። በሰዎቹ አንፈርድም፤ እኛም በወጣትነታችን እንዲሁ በግምት ቴስታታ ያወረድንበት ጊዜ አለ።

ወደ እኛ ሲመጣ ቁልፍ ሳናነሣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅነው። «ስትፈላ የሙቀት መለኪያው መርፌ የት ነበር?» «መካከል ላይ እንዳለ ነው የምትገነፍለው፤ እሱ እኮ ነው የገረመኝ» አለን። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እኛ ዘንድ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የኤም ጂ ቢው ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር በሚሠራበት ሙቀትና ውሃ በሚፈላበት ሙቀት መካከል ያለው ርቀት አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን ክፍተት የሚያሰፋው ክዳኑ ነው። «10» የሚል ቁጥር ያለበት ክዳን ውሃውን በስፕሪንጉ አፍኖ ይይዘዋል፤ የታፈነ ውሃም በእኛ ከፍታ እስከ 110 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ለዚህም ነው በጋለ ሞተር ላይ ክዳን የማይነካው፤ ሳይፈላ የቆየው ውሃ አፈናው በተነሣ በዚያች ቅጽበት ሁሉም አንድ ጊዜ ይፈላል፤ ፊት ላይ ይተፋል። ጨርቅ አያድንም።

ወንድማችን የገዛው ክዳን አፉ ልክ ነው፣ ጥርሱም ይገባል። ነገር ግን የራዲያተሩ አንገት ጥልቅ ሲሆን የክዳኑ ስፕሪንግ አጭር ነበር፤ ከታች መድረስ አቅቶት በጥቂት ሚሊሜትር ተንጠልጥሏል። እንዲያው ለስሙ ክዳን ነበረ እንጂ የሚያፍነው ነገር አልነበረም። ውሃው በ92 ዲግሪ ሲፈላ መርፌው ምን ያድርግ? ልኩን ፈልገን ገጠምንለት፤ መገንፈሉ ቆመ።

ግን የመጀመሪያው ቀንስ፣ ክዳኑ ደህና ሳለ ለምን ፈላች? በእርምጃ ስትሄድ ነው የፈላችው፤ እንግዲህ ነፋስ አጥታለች ማለት ነው። ቺንጋው ረጅም በሆነበት በኩል በአውራ ጣት ሲጫኑት ከአንድ ጣት ውፍረት ብዙ ማለፍ አይገባውም፤ የእሷ እጥፉን ይወርድ ነበር። የኮረንቲ መቆራረጫውን ፑንቲና ስናይ ደግሞ 0.35 ሚሊሜትር ያህል መሆን የሚገባው ክፍተት ጠቦ አገኘነው። ፑንቲናው ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል፤ የዘገየ እሳት ደግሞ ጉልበት መሆኑ ቀርቶ ቴስታታውን ያግላል። ሁለቱንም ለማስተካከል አንድ ሰዓት አልፈጀብንም።

ሌላ ዓይነት መኪና ያላችሁም ብትሆኑ መካኒክ ዘንድ ስትሄዱ መቼ እንደምትግል ንገሩት። ከተማ ውስጥ ደህና ሆና ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣ የምትግል ከሆነ ጥርጣሬው ራዲያተሩ ላይ ነው፤ ዝገትና የውሃ ጨው ዘግቶታል። የታችኛውን ማኒኮቶም እዩ፤ ሞተሩ ሲጮህ ተመጥጦ የሚጨፈለቅ አለ። ከተነሣች አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግላ የላይኛው ማኒኮቶ ግን ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ አልከፈተም። ጓርኒሲዮን የሚባለው፣ ውሃ ሳይፈስ ሲጎድል፣ ዘይቱ እንደ ወተት ሲነጣ፣ ወይም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ተነሥቶ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሲፈላ ነው። ይህ ሳይታይ ቴስታታ አታስወርዱ። (የድሮ ቮልስ ያላችሁ ሳቁብን፤ የናንተው ሞተር ውሃም ራዲያተርም የለውም፤ ቺንጋው ሲበጠስ ግን እናንተም ትቆማላችሁ።)

ከስብሰባው አንዲት እናታችን «ታዲያ መንገድ ላይ ስትግል ምን ይደረግ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ከሰልፉ ዳር ይውጡ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ኮፈኑን ይክፈቱ፣ ክዳኑን ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ አይንኩት። ለቀስተኛ መኪና ላይ ቦታ አይጠፋም፤ ከሌላው ጋር ይሂዱ። የላይኛው ማኒኮቶ በእጅ ሲያዝ የማያቃጥል ከሆነ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ ውሃውን ቀስ እያሉ መጨመር ነው። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ ብሎኩ ወይም ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።

የራዲያተር ክዳኑን የሚጠራጠር አባል ካለ፣ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ መኪናውን ይዞ ይምጣ። ሞተሩ እስኪበርድ እየጠበቅን በነጻ እናይለታለን።