ጋላቢውን አየን፤ ተመልካቹስ?



ጥር 23 ቀን እንጅባራ የዋለ ሰው፣ የአዊ ሕዝብ የሰውነት ማጠንከሪያ ይጎድለዋል ቢሉት ይስቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በግልቢያና በጉግስ ሲታይ ያኰራል። ነገር ግን ከጋላቢው ይልቅ ተመልካቹ ይበዛል። ገበሬው ከሞፈር ጋራ ሲታገል ስለሚውል ምክር አያሻውም። የኔ ሥጋት ለከተማው ነው፤ የዳንግላ ልጅ ነኝና አውቀዋለሁ፤ ጸሐፊው ከወንበር ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ወንበር ነው። እኅቶቻችንማ ውሃ ይቀዳሉ፤ ለጨዋታ ግን ማን ጊዜ ሰጣቸው?

የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ለዐዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለዐዋቂው ፈጠን ያለ የእግር መንገድም ይቈጠርለታል። እንግዲህ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ስለ መጸዳጃና ስለ ክትባት የሚደክሙትን ያህል ስለዚህም ቢደክሙ፤ የማኅበሩ አባቶችም ልጆችን፣ ሴቶቹንም ጭምር፣ ግልቢያ ቢያስተምሩ ምን ይከለክላል?

እኛም ክረምት አገራችን ስንገባ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ሰብስበን ሩጫና ኳስ እናስጀምር። ዝናቡን አውቃለሁ፤ ልጆቹ ግን ጭቃ አይፈሩም። ለኳስ መግዣ የሚያዋጣ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ያስመዝግብ።