ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ተጨማሪ በጀት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድራችን የተቋቋመው ኀዘንተኛን ለማጽናናትና አስከሬን በወግ ለመሸኘት ነው። ሆኖም ሟቹን የሚሸኝ ሕዝብ ስለሚያድገው ልጅም መነጋገር ይገባዋል ብለን ይህን ርዕስ መርጠናል።

በዚህ በምንኖርበት አገር በአሜሪካ፣ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አንድ የትምህርት ሕግ ፈረሙ። የፈረሙትም ቴክሳስ፣ በልጅነታቸው በተማሩባት አነስተኛ ትምህርት ቤት ደጃፍ፣ የመጀመሪያ አስተማሪያቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ነው። እሳቸውም በወጣትነታቸው የድኻ ሜክሲካውያን ልጆችን አስተምረዋልና ችግሩን ያውቁታል። የዚህ ሕግ አንደኛ ክፍል ‹ታይትል ዋን› ይባላል፤ ድኻ ልጆች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ገንዘብ ይሰጣል።

ታዲያ ገንዘቡ ምን ይሠራል? አብዛኛው የሚውለው ለሰው ደመወዝ ነው። ንባብ የከበዳቸውን ልጆች ለብቻ የምታስነብብ መምህርት፣ ረዳት አስተማሪ፣ ከወላጅ ጋር የሚያገናኝ ሠራተኛ ይቀጠርበታል። የቀረው ለመጻሕፍት፣ ለኮምፒውተርና ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሚሰጥ ጥናት ይውላል። ሕጉም ይህ ገንዘብ በወትሮው በጀት ላይ እንዲጨመር እንጂ እንዲተካው አይፈቅድም።

የአስተማሪ መጨመር ፍሬ እንዳለው በቴነሲ ከ1985 ጀምሮ ለ4 ዓመት የተደረገ ሙከራ አሳይቷል። ከ13 እስከ 17 ልጆች ባሉበት ክፍል የተማሩት፣ ከ22 እስከ 25 ካሉበት በንባብም በሒሳብም በለጡ።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በብዙ ወረዳዎች የድኻ ልጆች ብዛት የሚታወቀው በምሳ ቅጽ ወይም በቤተሰብ ገቢ መጠየቂያ ቅጽ ነው። ከመካከላችን ግን «እኛ ለማኝ አይደለንም» ብለን ቅጹን የጣልን አለን፤ ፈርተን የተውነውም አለን። ልጁ እኮ ምሳውን ከቤት ቋጥሮ ሊሄድ ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ግን አንድ ልጅ ጎደለበት። ይህ ጉድለት ሲደማመር የሚቀረው ያቺ የንባብ መምህርት ልትሆን ትችላለች።

ደግሞስ የምን ልመና ነው? ወርኃዊ መዋጮውን የከፈለ አባል የዕድሩን ድንኳን ሲወስድ ያፍራል? አያፍርም። እኛም በዚህ አገር ሠርተን ግብር እንከፍላለን። የፌዴራሉ መንግሥት ያዘጋጀው የምሳ ቅጽ ናሙናም ስለ ዜግነትና ስለ መኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም የለኝም ብሎ ምልክት ያደርጋል።

ስለዚህ ቅጹን እንሙላ። በታይትል ዋን ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለወላጆች ስብሰባ መጥራት በሕግ ግዴታ ነው፤ ሄደን እንቀመጥ፣ ገንዘቡ ስንት ሰው እንደቀጠረ እንጠይቅ። ቋንቋው የከበደው አስተርጓሚ ይጠይቅ። ቅጹን የሚያነብለት ያጣ አባል ደግሞ የዕድሩ ጸሐፊ ዘንድ ይምጣ፤ ምስጢሩ ይጠበቅለታል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሁላችንም የየድርሻችንን እንያዝ።