የድንጋይ ብናኝና የሰውነት መከላከያ መዛባት



በእስቴ ወረዳ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ግንበኛው በመሮና በመዶሻ ድንጋይ ሲጠርብ፣ የቤት እመቤቲቱም ወፍጮዋ ለስልሶ አልፈጭ ሲላት ስትወቅረው፣ ብናኝ መነሣቱ አይቀርም። ዐይን የሚያየው አቧራ እምብዛም አያሳስብም፤ አብዛኛው በአፍንጫና በጉሮሮ ተይዞ ይቀራልና። የሚያሰጋው ከ5 ማይክሮን፣ ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሁለት መቶኛ እጅ፣ ያነሰው ደቃቅ ሲሊካ ነው።

ይህ ደቃቅ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይዘልቃል። በዚያ ባዕድ ነገር ዋጮች የሆኑት ማክሮፋጆች ይውጡታል፤ ሊያልሙት ግን አይችሉም። ስለታም ቅንጣቱ የውስጥ ከረጢታቸውን ይቀድና ሴሉ ይሞታል፤ ብናኙም ተለቅቆ በሌላ ሴል ይዋጣል፤ ያም በተራው ይሞታል። በየጊዜው ኢንተርሉኪን 1 የተባለው የብግነት መልእክተኛ ይረጫል፤ የሞቱት ሴሎች ፍርስራሽም ለመከላከያ ኃይሉ እንደ ባዕድ ደጋግሞ ይቀርባል። ይህን ስሕተት ሊገቱ የሚገባቸው ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችም በሲሊካው ይዳከማሉ። እንግዲህ ሰውነት በገዛ አካሉ ላይ ፀረ አካል ማምረት ይጀምራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1914 ብራምዌል በኤደንብራ ካያቸው ቆዳቸው የደረቀና የጠጠረ 9 ሕሙማን 5ቱ ድንጋይ ጠራቢዎች ነበሩ። በ1953 ካፕላን በዌልስ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ላይ የመገጣጠሚያ ብግነትና የሳንባ እባጭ ተያይዘው መገኘታቸውን ገለጸ፤ በ1957 ደግሞ ኢራስመስ በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ቆፋሪዎች ዘንድ ያንኑ የቆዳ መጠጠር ጻፈ። ሉፐስም ከዚሁ ጋር ይቆጠራል።

እርግጥ ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም። የደጋው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ነጻ ሲሊካው ጥቂት ነው፤ ነጣ ያለውና አሸዋማው ግን ብዙ ይይዛል። ስለዚህ ጠራቢ ሁሉ ይታመማል ማለት ስሕተት ነው፤ የሚጠርበው ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ አለመጠየቅም የባሰ ስሕተት ነው።

ጣቶቹ በብርድ የሚነጡበት፣ መገጣጠሚያው ጠዋት ጠዋት የሚተሳሰርበት ግንበኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ «ቁርጥማት ነው» ተብሎ ማስታገሻ ተሰጥቶት ሊመለስ ይችላል። የሚያስለው ከሆነ የሳንባ ነቀርሳ ይጠረጠራል፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው፣ ሲሊካ ያዳከመው ሳንባ ለነቀርሳ ይመቻልና። ነገር ግን በሕሙሙ ካርድ ላይ «ሥራው ምንድን ነው? ስንት ዓመት ሠራ?» የሚለው ካልሰፈረ፣ ሁለቱ በሽታዎች አብረው ሲገኙ አንዱ ሳይታከም ይቀራል።

በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ደቃቁን ብናኝ አያግድም። ድንጋዩን እያረጠቡ መጥረብ፣ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ መቀመጥ፣ የሥራ ልብስን ከቤት ውጭ ማራገፍ ግን ከባልዲ ውሃ በቀር ወጪ አይጠይቁም።