«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት፦ ሁለት ስርዓተ ክወና የያዘ ኮምፒውተር አልነሣ ሲል

(በሃያ ሁለት በተካሄደ የሕዝብ ገለጻ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ታርሟል)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ከትምህርት አዳራሽ ይልቅ ለጥገና ቤት ባንኮኒ የሚስማማ ይመስላል። ወደዚህ ያመጣሁት ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ በደረሰ ቁጥር ላፕቶፑን ታቅፎ የሚመጣ ተማሪ ስለማይጠፋ ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን ተጭነውበታል፤ ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል አብዛኛውን ጊዜ «ፎርማት» ነው። እኔ ዛሬ የምከራከረው በዚህች ቃል ላይ ነው። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር አልነሣ ሲል፣ በአመዛኙ የጠፋው ሰነዱ ሳይሆን ወደ ሰነዱ የሚወስደው መንገድ ነው። ፎርማት መንገዱን ያበጃል፤ ሰነዱን ግን ያጠፋል።

በቅድሚያ ሁለቱን በአንድ ማሽን ላይ ለምን እንጭናለን? በእኛ አገር ምክንያቱ የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የጻፍነው በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በመሰሎቻቸው በመሆኑ፣ የቆየ ሰነድ ያለው ቢሮ ዊንዶውስን መልቀቅ ይከብደዋል። ሒሳብ ሠራተኛው ፒችትሪ አለው። ተመራማሪው ደግሞ ለመረጃ ትንተናና ለፕሮግራም ጽሕፈት ሊኑክስን፣ አብዛኛውን ጊዜ ኡቡንቱን ይፈልጋል። በዚህ ላይ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ በእጃችን ያሉ የቆዩ ላፕቶፖች ወደ ሊኑክስ ማማተራቸው አይቀርም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ከዚህ አዳራሽ ወጣ ስትሉ የምታዩት የቀላል ባቡር መስመር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነኛል። የምሥራቅ–ምዕራቡና የሰሜን–ደቡቡ መስመር ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ከዚያ ይለያያሉ። በመለያያው ላይ ያለው የሐዲድ መቀየሪያ ቢሰናከል ባቡሩ ይቆማል። ይሁንና የአያት ጣቢያ ፈርሶ እንደገና ይሠራ የሚል መሐንዲስ አይገኝም።

በኮምፒውተሩ ውስጥ የመቀየሪያውን ሥራ የሚሠራው ምንድን ነው? በቀድሞው አሠራር የዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ነበር። ከዚህ ውስጥ 446ቱ የማስነሻው ኮድ፣ 64ቱ የአራት ክፍልፍሎች ሰንጠረዥ፣ የቀሩት 2 ባይቶች ምልክት ናቸው። ሁለት ስርዓተ ክወናዎች በዚህች ጠባብ ወንበር ላይ አብረው መቀመጥ አይችሉም፤ በኋላ የተጫነው የፊተኛውን ገፍቶ ይቀመጣል። «ዊንዶውስ ይቅደም፣ ሊኑክስ ይከተል» የሚለው የቆየ ምክር የመጣው ከዚህ ነው። የሊኑክሱ ማስነሻ፣ ግራብ፣ ለጎረቤቱ በምናሌው ላይ ቦታ ይሰጣል፤ የዊንዶውስ መጫኛ ግን አይጠይቅም።

ዩኢኤፍአይ በተባለው በአሁኑ አሠራር ወንበሩ ሰፍቷል። በዲስኩ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍልፍል አለች፤ በውስጧም እያንዳንዱ ስርዓተ ክወና የራሱ ማኅደር አለው። ማን ይቅደም የሚለው ዝርዝር ደግሞ በማዘርቦርዱ ማስታወሻ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ከዊንዶውስ ዝማኔ በኋላ የግራብ ምናሌ ጠፍቶ በቀጥታ ዊንዶውስ ከተከፈተ፣ ሊኑክሱ አልተነካም፤ ተራው ብቻ ተቀይሯል። ሲበራ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12ን፣ በኤችፒ ኤፍ 9ን ተጭናችሁ ከዝርዝሩ ኡቡንቱን ምረጡ። ከተነሣ፣ ችግሩ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ቦታ ጠበበኝ ያለ ሰው ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ የሊኑክሱን ክፍልፍል ይሰርዛል። በማግስቱ «ግራብ ሬስኪው» የሚል ጥቁር ስክሪን ይጠብቀዋል። የግራብ መነሻ ቁራጭ በቦታዋ አለች፤ ምናሌው ግን ከተሰረዘው ክፍልፍል ጋር ሄዷል። ባለቤቱ ሞተ ብሎ ያለቀሰለት ዊንዶውስ በሕይወት አለ። በዚያው ዝርዝር ውስጥ የዊንዶውስን ማስነሻ መምረጥ ብቻ ይበቃል። በተቃራኒው ሊኑክሱ እየተነሣ ዊንዶውስ ከምናሌው የተሰወረ እንደሆነ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ግራብ 2.06 ሌሎች ስርዓተ ክወናዎችን መፈለጉን በነባሪው እንዳቆመ አስታውሱ። በቅንብር ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር አስተካክሎ ምናሌውን ማደስ ነው።

ከባዱ ጉዳይ ምስጠራው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቢትሎከር በሚሠራበት ላፕቶፕ ላይ የመነሻው ሰንሰለት ከተለወጠ፣ ዊንዶውስ 48 አኃዝ ያለው የመልሶ መክፈቻ ቁልፍ ይጠይቃል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ዘበኛው ሥራውን እየሠራ ነው። ነገር ግን ቁልፉ የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። አካውንቱን የከፈተው ገዢው ሳይሆን ሻጩ ከሆነ፣ ቁልፉ ያለው በሌላ ሰው ኢሜይል ውስጥ ነው። ላፕቶፕ ስትገዙ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን አረጋግጡ። ቁልፉን በወረቀት ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ፤ በዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ማስቀመጥ ግን የበሩን ቁልፍ እቤት ውስጥ ቆልፎ እንደ መውጣት ነው።

ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ ዝማኔ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሳይቶናል። ዝማኔው የታሰበው ቀደም ሲል በግራብ ላይ የተገኘን የደኅንነት ክፍተት ለመዝጋት ነበር። ማይክሮሶፍት ሁለት ስርዓተ ክወና ባለበት ማሽን ላይ እንደማይተገበር ገልጾ ነበር፤ ይሁን እንጂ በብዙዎች ላይ ተተገበረ፤ ሊኑክሱም የደኅንነት ፖሊሲ ተጥሷል የሚል መልእክት እያሳየ አልነሣ አለ። ጊዜያዊው መፍትሔ ሴኪዩር ቡት የተባለውን ጥበቃ አጥፍቶ ወደ ሊኑክስ መግባት፣ አዲሱን ፖሊሲ መሰረዝና ጥበቃውን መልሶ ማብራት ነበር። ልብ በሉ፤ ቢትሎከር ባለበት ማሽን ላይ ይህን ጥበቃ ማጥፋት ራሱ ያንን 48 አኃዝ ሊያስጠይቅ ይችላል። ቁልፉ በእጃችሁ ሳይኖር አትንኩት።

የእኛ ከተማ መብራትም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ዊንዶውስ «ዝጋ» ሲባል፣ ፈጣን መነሻ የተባለው ቅንብር ካልጠፋ በስተቀር፣ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ከፊሉ በዲስኩ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ሊኑክስ ያንን ክፍልፍል ሲያገኝ ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ አይከፍተውም፤ ትክክልም ነው። በግድ አስከፍቶ ሲጽፉ መብራት ቢጠፋ፣ ያኔ እውነተኛ ጉዳት ይደርሳል። ሁለት ስርዓተ ክወና ያለው ሰው ፈጣን መነሻን ያጥፋ፤ ዴስክቶፕ ካለው ደግሞ ከሁሉ በፊት ዩፒኤስ ይግዛ።

ለወራት ሳይበራ የቆየ ዴስክቶፕ «የሚነሣበት ዲስክ የለም» ሲል ዲስኩን ከመወንጀላችሁ በፊት በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ተመልከቱ። እርሷ ስትሞት በቆዩ ማሽኖች ላይ ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን የዲስኩ አሠራርና የመነሻው ቅደም ተከተልም ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳል። ሰዓት ካነሣሁ ዘንድ፣ በዊንዶውስና በሊኑክስ መካከል በትክክል የሦስት ሰዓት ልዩነት ካያችሁ ባትሪው ጤነኛ ነው። ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት የአገር ሰዓት አድርጎ ሲያነብ፣ ሊኑክስ የዓለም አቀፍ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ እኛም ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ከጠዋት አንድ ሰዓት ለሚቆጥር ሕዝብ ይህ አዲስ ግራ መጋባት አይሆንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ በመስክ የሰበሰበቻቸው የቃለ መጠይቅ ድምፆች ያሉበትን ላፕቶፕ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደችው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ተመለሰላት፤ ድምፆቹ ግን አልነበሩም። ቴክኒሻኑን አልወቅሰውም፤ የተጠየቀው ኮምፒውተሩን እንዲያስነሣ ነበር፤ አስነሣው። በዘመናዊዎቹ ኤስኤስዲ ዲስኮች ላይ የተሰረዘን ማስመለስ በአብዛኛው የማይቻል ስለሆነ፣ እኛ ጋ ስትደርስ የምናደርገው አልነበረም። ከመሰረዙ በፊት ቢሆን ኖሮ ግን ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነሥቶ፣ ሳይጭኑ «ልሞክር» የሚለውን መርጦ፣ ድምፆቹን ወደ ውጫዊ ዲስክ መቅዳት ይቻል ነበር። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ ቁልፉ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ግን የይለፍ ቃል እንኳ አያሻም። ለጥገና ስትሰጡም «አስነሣልኝ» ሳይሆን «ፋይሎቼን አውጣልኝ፤ ከዚያ አስነሣልኝ» በሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ጉዳዩ ሌላ ይሆናል።

በግሌ፣ ዊንዶውስን የሚፈልገው የቆዩ የአማርኛ ሰነዶችን ለመክፈት ብቻ የሆነ ሰው፣ በቂ ራም ካለው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ባይጭን እመርጣለሁ። ዊንዶውሱን በሊኑክሱ ውስጥ በምናባዊ ማሽን ማስኬድ ይበቃዋል፤ የመነሻ ሽሚያም አይኖርም። ለሁለቱም ሙሉ ጉልበት የሚያስፈልገው ግን ቢቻል ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይጠቀም።

ለጥያቄ ጊዜ እንዲኖረን እዚህ ላይ ላቁም። ኡቡንቱ ያለባቸው ጥቂት ፍላሾች በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ላፕቶፕ የያዛችሁ ዛሬ ደኅና ሳለ ከፍላሹ አስነሥታችሁ ብትሞክሩት እኔም ተማሪዎቼም እናግዛችኋለን። የቢትሎከር ቁልፉን ያላገኘ ሰው ግን የመነሻ ቅንብሩን ከመንካቱ በፊት ያናግረኝ።