የባለ ቲዩብ ጊታር አምፕሊፋየር ጉርምርምታ ከየት ይመጣል?



ወሎ የቅኝት አገር ነው። ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆኑ የወሎ ቦታዎችም ስም ናቸው። ጊታር በዘመናዊ ሙዚቃችን ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን የሰማ ያውቀዋል። ትዝታን በኤሌክትሪክ ጊታር ስንጫወት ግን ከምንመታው ክር ባልተናነሰ የሚያሳዝነን በመሃል የምንተወው ዝምታ ነው። አምፕሊፋየሩ ሲያጉረመርም ያን ዝምታ ይነጥቀናል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጉርምርምታው ከየት እንደመጣ ራሱ ይናገራልና በደንብ ሳናዳምጠው ዕቃ አንግዛ። ለአንድ ካፓሲተር ሲል በአቀስታ አድርጎ ደሴ፣ ሲብስም መርካቶ ድረስ የሚልክ የመካነ ሰላም ባለሙያ የተሳሳተ ግዢ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል።

የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ሬክቲፋየሩ የሞገዱን ሁለቱንም ግማሾች ስለሚጠቀም ከፓወር ሰፕላይ አምልጦ የሚሰማው ድምፅ እጥፍ፣ ማለትም 100 ኸርዝ ይሆናል። ጊታሪስት እነዚህን ሁለት ድምፆች ያለ መለኪያ መሣሪያ ሊለያቸው ይችላል። በስድስተኛው ክር፣ በሦስተኛው ፍሬት ላይ ያለው ሶል 98 ኸርዝ ነው። ጉርምርምታው ከእሱ ጥቂት ከፍ ካለ 100 ነው፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም የደረቀ ፊልተር ካፓሲተር ነው። አንድ ኦክታቭ ያህል ዝቅ ካለ 50 ነው፤ የቲዩቦቹን ፊላመንት የሚያሞቀውን የ6.3 ቮልት መስመርና ትራንስፎርመሩ አጠገብ የሚያልፉትን የሲግናል ሽቦዎች ተመልከቱ። የሬክቲፋየሩ ግማሽ ሲሞት ፓወር ሰፕላዩም በ50 ስለሚያጉረመርም በጆሮ ብቻ አትፍረዱ። ሰርግ ዳስ ውስጥ በጀኔሬተር ስትጫወቱ ደግሞ ልብ በሉ፤ ሞተሩ ሲደክም ጉርምርምታውም አብሮ ይወፍራል። ከኃይል መስመሩ መምጣቱን ከዚህ የበለጠ የሚያረጋግጥ የለም።

ቀጥሎ ቦታውን ማጥበብ ነው። የጊታሩን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ከገመዱ፣ ከጊታሩ ወይም ከክፍሉ ነው። ጊታሩን ይዛችሁ ስትዞሩ ድምፁ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ፒክአፑ በአካባቢው ካለ ትራንስፎርመር ወይም ሸምበቆ መብራት እየለቀመ ነው። ገመዱ ተነቅሎም ካልጠፋ ቮልዩሙን ዜሮ አድርጉ። አሁን ከጠፋ ችግሩ ከቮልዩሙ በፊት ነው፤ ከቀጠለ ከእሱ በኋላ ነው። ከዚያ አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ፣ ቲዩቦቹ ሲበርዱ፣ ከጊታሩ መግቢያ ጀምራችሁ ትንንሾቹን ቲዩቦች በየተራ እያወጣችሁ አብሩት። ሁሉም ወጥተው ጉርምርምታው ካለ የቀሩት ፓወር ሰፕላዩና ትልልቆቹ ቲዩቦች ናቸው። ጥንዶቹ ቲዩቦች እኩል ካልሳቡ ካፓሲተሩ ደህና ሆኖም 100 ኸርዙ ይሰማል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ነው እርስ በርስ የሚያጠፉት።

ስለ ግራውንድ ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አምፕሊፋየሩና ሚክሰሩ በተለያየ ሶኬት ላይ ሆነው ሲገናኙ በግራውንዶቻቸው መካከል ጅረት ይዞራል፣ ጩኸትም ይመጣል። ያን ለማስቆም የስፒናውን ግራውንድ የሚቆርጡ አሉ። ጩኸቱ ይቆማል። በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ሽቦ ተበጥሶ ሻንሲውን የነካ ቀን ግን 220 ቮልት በክሩ በኩል ጣት ላይ ይደርሳል፤ ዘፋኙ ጊታሩን እንደያዘ ከንፈሩን ወደ ማይክ ሲያስጠጋ ሊሞት ይችላል። ሁለቱንም መሣሪያ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ካልበቃ በሲግናሉ መስመር ላይ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር አስገቡ። ግራውንዱ ይቆይ።

ክዳኑን ለሚከፍቱም አንድ ቃል አለኝ። ስፒናው ተነቅሎም ፊልተር ካፓሲተሩ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በሪዚስተር አራግፉት፣ ከዚያ በቴስተር ለኩት፤ ዜሮ አጠገብ ሳይደርስ እጅ አይግባ።

ጥፋቱ ካፓሲተሩ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ለሚያመጣላችሁ ሰው ማይክሮፋራዱን፣ ቮልቱንና የሙቀት ልኩን ጽፋችሁ ላኩ። ማይክሮፋራዱ ከነበረው ጋር ይቀራረብ፤ ቮልቱ ከነበረው በፍጹም አይነስ፤ ከቲዩቦቹ አጠገብ የሚቀመጥ ስለሆነ 85 ዲግሪ ከተጻፈበት ይልቅ 105 የተጻፈበት ይምጣ።